ከእንግድነት ወደ አስተናጋጅነት፦ የኮሞ መካነ አራዊትና የእኛ ድርሻ

ወሩ ጥር ነው። ከደጅ ያለው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሷል፤ የሚኒሶታ ሐይቆች ጠጥረው ሰው በላያቸው ይመላለሳል። በሴንት ፖል ከተማ በኮሞ ፓርክ ከመስታወት በተሠራው የዕፅዋት ቤት ውስጥ ግን አየሩ ሞቃትና እርጥብ ነው። ለሰው ልጅ ምግብና ቅመም የሚውሉ ተክሎች በተሰበሰቡበት ክፍል፣ ከሙዝና ከካካዎ ጋር አንድ እኛ አብጠርጥረን የምናውቀው ተክል ይገኛል፤ ቡና። በዚያ ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ በጎ ፈቃደኛ በዙሪያቸው ለተሰበሰቡ ተማሪዎች ስለ ቡና ያስረዱ ነበር። መነሻው ኢትዮጵያ መሆኑንም በትክክል ተናገሩ። ከእርሳቸው ጥቂት እርምጃ ርቃ የቆመች አንዲት ወገናችን ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለልጇ በአማርኛ ትነግራት ነበር፤ አበባው ሲፈነዳ ደኑ እንዴት እንደሚያውድ፣ ቀዩ ፍሬ እንዴት እየተመረጠ እንደሚለቀም፣ ከተለቀመ በኋላ እንዴት ተሰጥቶ እየተገላበጠ እንደሚደርቅ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት አስረጂዎች ነበሩ። ሕዝብ የሰማው ግን የአንደኛዋን ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፤ ይህችን የወገናችንን ዕውቀት በሹክሹክታ ያስቀረው ምንድን ነው? በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል መንትያ ከተሞች የምንኖር ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ወደ መካነ አራዊት በእንግድነት እንሄዳለን። ልጆቻችንን በጋሪ እየገፋን ቀጭኔ እናሳያለን፣ ፎቶግራፍ እንነሣለን፣ እንመለሳለን። በአስተናጋጅነት፣ ማለትም በበጎ ፈቃደኛነት፣ ግን እምብዛም አንታይም። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው፤ ይህ መቅረታችን ከምንገምተው በላይ ያስከፍለናል።

ኮሞ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። መነሻውም ለከተማዋ በስጦታ የተበረከቱ ሦስት አጋዘኖች ነበሩ። የመስታወቱ የዕፅዋት ቤት በ1915 ተከፈተ። በ1950ዎቹ ከተማዋ መካነ አራዊቱን ለመዝጋት እስከ ማሰብ ደርሳ እንደ ነበር፣ በጊዜው በቦታው የቆሙለትም የተደራጁ በጎ ፈቃደኛ ዜጎች እንደ ነበሩ ታሪኩ ያስረዳል። ዛሬ በየዓመቱ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ጎብኚ ይቀበላል። መግቢያው ነፃ ነው፤ በር ላይ የሚጠየቀው እንደ አቅምና እንደ ፈቃድ የሚሰጥ መዋጮ ነው።

ነፃ መግቢያ ማለት ግን ወጪ የለም ማለት አይደለም። የጎሪላው ምግብ፣ የነጩ ድብ ውኃ ማቀዝቀዣ፣ የዕፅዋት ቤቱ ማሞቂያ ሁሉም ዋጋ አላቸው። ከፊሉን የከተማዋ በጀት፣ ከፊሉን ለጋሾች ይሸፍኑታል፤ በገንዘብ የማይተመነውን ድርሻ ደግሞ በጎ ፈቃደኞች ይሸከሙታል። ጎብኚ የሚቀበሉ፣ ለልጆች የሚያስረዱ፣ አበባ የሚተክሉና አረም የሚያርሙ፣ በበዓላት ቀን ሰልፍ የሚያስተካክሉ ሰዎች ናቸው። የእኛ ቤተሰቦች በነፃ የሚገቡበትን በር የሌሎች ሰዎች ትርፍ ጊዜ ደግፎ ይዞታል። በባህላችን ደግሞ ሁልጊዜ እየተጋበዙ አንድም ቀን አለመጋበዝ ያሳፍራል።

ሁለተኛው ትልቅ ተቋም ከሚኒያፖሊስ በስተ ደቡብ፣ በአፕል ቫሊ የሚገኘው የሚኒሶታ መካነ አራዊት ነው። በ1978 የተከፈተ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ተቋም ሲሆን፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ነዋሪዎች በነፃ የሚገቡበት ፕሮግራም አለው፤ ለተማሪዎች የትምህርት ጉብኝትና የበጋ ካምፕ፣ ለወጣቶችም የበጎ ፈቃድ መርሐ ግብር ያዘጋጃል። በውስጡ የባሕር እንስሳት የሚኖሩባቸው ትላልቅ ገንዳዎች ይገኛሉ። በምሕንድስና ለተማረ ሰው እነዚህ ገንዳዎች ከዓሣው በላይ ዓይን ይስባሉ። ሚኒሶታ ከማንኛውም ውቅያኖስ እጅግ የራቀች ናት። ስለዚህ የባሕር ውኃ እዚያው መሠራት አለበት፤ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው እየተመጠነ ይሟሟል። ዓሦቹ የሚያስወጡት አሞኒያ ሳይጠራቀም መወገድ አለበት። ይህን ሥራ የሚሠሩት በማጣሪያው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደ ሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ደቂቅ ሕዋሳት እስኪበዙ ድረስ አዲስ ገንዳ ሳምንታት ይፈጃል። ልጅ ይህን በመጽሐፍ ሲያነብ የፈተና ጥያቄ ይሆንበታል። በገንዳው ጀርባ ቆሞ ፓምፑን እየሰማ ለጎብኚ ሲያስረዳ ግን ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ምሕንድስና በአንድ ቦታ ይገጣጠሙለታል። ደግሞም ለሌላ ሰው ማስረዳት የሚችለው የገባውን ብቻ ነው።

ወላጆች ስለ ሳይንስ ትምህርት ስናስብ ዓይናችን የሚያርፈው በፈተና ውጤትና በዩኒቨርሲቲ ስም ላይ ነው። የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የመግቢያ ፈተና የሌለው የመጀመሪያ ቤተ ሙከራ መሆኑን እንዘነጋለን። በብዙ መካነ አራዊት ውስጥ በጎ ፈቃደኞች የእንስሳት ባሕርይ ምዝገባ ላይ ይሳተፋሉ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ሰዓትና ቅጽ ይዞ መቀመጥ፣ በተወሰነ ደቂቃ ልዩነት እንስሳው ምን እያደረገ እንደ ሆነ መጻፍ። ተኛ፣ በላ፣ ተራመደ፣ ከጓደኛው ተጣላ። ነገር ግን የታየውን ብቻ መጻፍ፣ የተመኙትን አለመጻፍ፣ ሳይሰለቹ መመዝገብ የሳይንስ ሁሉ መሠረት ነው።

የምዝገባን ኃይል ለማወቅ ከሚኒሶታ መውጣት አያስፈልግም። በሚኒያፖሊስ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ተመራማሪ የነበሩት ባዮኬሚስት ዩሊሲስ ሲል፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ ችግር አስተዋሉ። መካነ አራዊት ሁሉ የየራሱን እንስሳት በየራሱ መዝገብ ይይዝ ነበር፤ የአንዱ ነብር ለሌላው ነብር ወንድም ይሁን ባዕድ በቀላሉ ማወቅ አይቻልም ነበር። ዘመዳሞች ሲዳቀሉ ደግሞ ዝርያው ይዳከማል። ስለዚህም ከባልደረባቸው ጋር ሆነው የእንስሳትን ልደት፣ ወላጆችና ሞት በአንድነት የሚይዝ ዓለም አቀፍ የመረጃ ሥርዓት መሠረቱ። ያ ሥርዓት ዛሬ ስፒሺስ360 በሚል ስም ከሚኒሶታ ሆኖ በዓለም ዙሪያ ከ1,000 በላይ ተቋማትን ያገለግላል። የብዙ ዝርያዎች የመዳቀል ዕቅድ በዚህ መዝገብ ላይ ይመሠረታል።

የዚህ ታሪክ ክር አገራችን ድረስ ይዘልቃል። ሲል ለዓመታት የመሩት፣ ጽሕፈት ቤቱ በአፕል ቫሊ የነበረው የዓለም አቀፉ ተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የባለሙያዎች ቡድን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በባሌ ተራሮች የቀይ ቀበሮን ህልውና ለመታደግ በተካሄደው የምክክር ጉባኤ ላይ ተሳታፊ ነበር። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም። ለመራባት የደረሱት ቁጥራቸው 500 ገደማ ብቻ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በባሌ ይኖራሉ። ዋነኛ ጠላታቸው ከእረኞች ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በየትኛውም መካነ አራዊት ውስጥ አንድም ቀይ ቀበሮ የለም፤ ከዱር ከጠፋ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ በሚኒያፖሊስ ዳርቻ ካለ ቢሮ ተነሥተው ባሌ የሄዱ ሰዎች ሲኖሩ፣ የባሌን፣ የሰሜንን፣ የጓሳን መልክዓ ምድር በስም የምናውቀው እኛ ስለ ቀበሮው ለጎብኚዎች የምንናገርበት ቦታ ሳንይዝ መቅረታችን ያስቆጫል።

ወደ አዲስ አበባም እንመልከት። በስድስት ኪሎ የሚገኘው አንበሳ ግቢ የተቋቋመው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት በግቢው ከነበሩ 15 አንበሶች ናሙና ወስዶ፣ እስከ ደረትና ሆድ የሚወርድ ጥቁር ጎፈር ያላቸው እነዚህ አንበሶች ከሌሎች ከተመረመሩ አንበሶች በዘር የተለዩ ሆነው እንዳገኛቸው አስታወቀ። ተመራማሪዎቹም ዝርያው እንዳይጠፋ በጥንቃቄ እንዲራባ መከሩ። ለዚህ ምክር ተግባራዊነት ከገንዘብ ቀጥሎ የሚያስፈልገው የማያቋርጥ ምዝገባና የሕዝብ ፍቅር ነው። ግቢው የሚገኘው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ አጠገብ ነው። በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ቤት የሚያድሱና ችግኝ የሚተክሉ ወጣቶቻችን፣ ከአንበሶቹ አጥር ፊት ቆመው ለሕፃናት የሚያስረዱበት፣ ባሕርይ የሚመዘግቡበት ቋሚ መርሐ ግብር ቢኖር ምን ያህል በተጠቀምን! ይህን ልምድ ከሚኒሶታ ቀስሞ ወደ አገር ቤት ሊያሻግር የሚችለው ደግሞ እዚህ የሠለጠነ ወገን ነው።

ታዲያ ስለ ምን እንቀራለን? የተለመደው መልስ ጊዜ የለንም የሚል ነው። እውነት አለው። በቀን ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ሌሊት መኪና የሚነዳ፣ አገር ቤት ላለ ቤተሰብ ገንዘብ የሚልክ ሰው ያለ ክፍያ እንዲሠራ መጠየቅ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እኛ በነፃ የማንሠራ ሕዝብ አይደለንም። ሐዘን ሲደርስ የእድር ድንኳን የሚተክለው፣ በቤተ ክርስቲያን ወጥ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት የሚከትፈው፣ ቅዳሜ ለልጆች ፊደል የሚያስቆጥረው ማን ነው? ደቦ የሚለውን ቃል ለእኛ ያስተማረን የለም። የጎደለን በጎ ፈቃድ አይደለም፤ በጎ ፈቃዳችን ከራሳችን ግቢ አጥር ውጭ ያሉትን የጋራ ተቋማት የእኛ ብሎ አለመቁጠሩ ነው።

በሌላ በኩል ተቋማቱም ሊጠየቁ ይገባል። ብዙ የበጎ ፈቃድ መርሐ ግብሮች የተቀረጹት ጡረታ ለወጣና ትርፍ ጊዜ ላለው ሰው ነው። ለወራት የሚዘልቅ ቋሚ ፈረቃ፣ በሥራ ሰዓት የሚሰጥ ሥልጠና፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የተዘጋጀ ማመልከቻ ለአዲስ መጤ ማኅበረሰብ የማይታይ አጥር ይሆናሉ። እናት ከልጇ ጋር አብራ የምታገለግልበት የቤተሰብ ፈረቃ፣ አንድ ማኅበር በአንድ ቅዳሜ በቡድን የሚመጣበት አሠራር፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ የሚካሄዱ ጉብኝቶች ቢኖሩ በሩ በእውነት ክፍት ይሆናል። ከተማዋ በቋንቋ የተለወጠችውን ያህል መካነ አራዊቷም ሊለወጥ ይገባል። ይሁን እንጂ ይህን ጥያቄ ማንም ስለ እኛ አያቀርብልንም፤ የሚያቀርበውም ከውስጥ ሆኖ ሲያገለግል የሚታይ ሰው ቢሆን ይደመጣል።

አንድ ሌላ ተቃውሞ አለ፤ ክብደቱንም አልክድም። አውሬን በአጥር ማሰር ስለ ምን ይደገፋል? ዱር የተፈጠረለትን ፍጥረት በመስታወት ጀርባ ማየት የሚከብደው ሰው ልቡ ደንዳና አይደለም። መልሴ ይህ ነው፤ መካነ አራዊት ለመዝናኛ ብቻ ከሆነ ጥያቄው ትክክል ነው። የዝርያ መዝገብ የሚይዝ፣ ለዱር ጥበቃ የሚሠራ፣ ሕዝብ የሚያስተምር ከሆነ ግን ሚዛኑ ይለወጣል። አንድ ተቋም ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚያጣራው ደግሞ በአጥሩ ውስጥ የሚመላለስ፣ የሚያየውንም የሚጠይቅ ዜጋ ነው። በጎ ፈቃደኛ ከጉልበት ሌላ ምስክርነትም ያመጣል።

ስለዚህ ጥሪዬ ግልጽ ነው። በመንትያ ከተሞቹ የምትገኙ የሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ የኮሚዩኒቲ ማኅበራት፣ የተማሪዎች ኅብረቶች፤ ከመጪው በጋ በፊት 10 ሰዎች አሰባስባችሁ ለኮሞ ወይም ለሚኒሶታ መካነ አራዊት አመልክቱ። የዕድሜ ገደቡ፣ የሚጠየቀው ሰዓትና ሥልጠናው እንደየተቋሙ ይለያያልና አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብቻውን ለመግባት የሚያፍር ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን ይደፍራል። በለንደን፣ በቶሮንቶ፣ በሜልበርን ወይም በዱባይ ለምትኖሩም ነገሩ ያው ነው፤ በከተማችሁ መካነ አራዊት፣ አኳሪየም ወይም የዕፅዋት ማዕከል አይጠፋም፤ ከኢትዮጵያ የመጣ አንድ ተክል ወይም እንስሳም ሊኖርበት ይችላል። ፈልጋችሁ አግኙት፤ አስረጂውም ሁኑለት።

ያቺ እናት ለልጇ የነገረቻትን በዙሪያዋ የነበሩት ተማሪዎች ሁሉ ቢሰሙት ኖሮ፣ ያ ተክል ከስም ሰሌዳው በላይ ይነግራቸው ነበር። ልጇም እናቷ የምታውቀው ነገር በአደባባይ የሚነገር ዕውቀት መሆኑን ታይ ነበር። ልጆቻችን የወላጆቻቸውን ዕውቀት የሚያከብሩት እኛ ራሳችን አክብረን ለሌላው ስንሰጠው ነው።