ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው፤ ተንከባካቢውስ?

በአዊ ዞን፣ በግምጃ ቤትም ሆነ በአካባቢዋ የባቡር ሐዲድ አልተዘረጋም። ስለዚህ «ስለ ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ መጻፍ ለእኛ ምን ይፈይዳል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። ሆኖም ለአካባቢው ገበሬ የሚደርሰው የአፈር ማዳበሪያ በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ የሚገባ ነው። ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ አዲስ አበባ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ መውጣት አለበት። በመማሪያ ክፍል የምናውቀውን የስበታዊ እምቅ ጉልበት ስሌት ብንጠቀም፣ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ይህን ከፍታ ለማውጣት ወደ 0.63 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ያስፈልጋል። ይህ አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል ዐሥር ሰዓት ተኩል ያህል የሚያበራ ነው። ሰበቃና ሌላው ብክነት ሲታከልበት ሂሳቡ ከዚህም ይጨምራል። ይህን ጉልበት የሚከፍል አንድ አካል የግድ መኖር አለበት፤ ጥያቄው በምን ይከፈል የሚለው ነው።

ለረጅም ዘመን የተከፈለው በከሰል፣ በማገዶና በናፍጣ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. የሰጡት ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ያ መስመር በእንፋሎት ጀምሮ በዲዝል ቀጠለ እንጂ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ሳያይ አረጀ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በ2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የሰበታ–ጅቡቲ መስመር ግን ከመነሻው በ25,000 ቮልት ተለዋዋጭ ፍሰት እንዲሠራ ተደርጎ ተሠራ። ፉርጎዎቹን የሚጎትቱት ሎኮሞቲቮችም ከቻይና የመጡ ናቸው።

ለምን 25,000 ቮልት? 2,000 ቶን የሚመዝን ባቡር በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይወጣል እንበል። ስበትን ለማሸነፍ ብቻ 3.3 ሜጋዋት ያህል ይጠይቃል። ይህ በ25,000 ቮልት ሲቀርብ በሽቦው የሚያልፈው ፍሰት ወደ 130 አምፔር ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በሚጠቀምበት በ750 ቮልት ቢቀርብ ግን 4,400 አምፔር ይሆን ነበር። በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ጉልበት የሚያድገው በፍሰቱ ስኩዌር ስለሆነ፣ በአንድ ዓይነት ሽቦ ብክነቱ ከሺህ እጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ዝቅተኛው ቮልቴጅ ለከተማ አጭር ጉዞ ቢበቃም፣ ለረጅሙና ለከባዱ የጭነት መስመር አይመችም።

ከፍተኛውን ቮልቴጅ በሎኮሞቲቭ ላይ መጠቀም ግን ቀላል አልነበረም። የስዊዘርላንድ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ያች አገር የውኃ ኃይል እንጂ በቂ የድንጋይ ከሰል አልነበራትም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሰሉ ሲጠፋ በአልፕስ ተራሮች ላይ የሚያልፈውን የጎታርድ መስመር ወደ ኤሌክትሪክ ለወጠች። እ.ኤ.አ. ከ1919 እስከ 1922 የተሠሩት 33 ሎኮሞቲቮች በረጅም አፍንጫቸው ምክንያት «አዞ» የሚል ቅጽል አተረፉ። የዚያን ጊዜ ሞተሮች በተለመደው የፍሰት ድግግሞሽ ብልጭታ እየፈጠሩ ስለሚጎዱ፣ ለባቡሩ ብቻ ከ17 ኸርዝ በታች የሆነ የተለየ ፍሰት ማመንጨት ግድ ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳይ 50 ኸርዝ የሆነውን የአገር መደበኛ ፍሰት በቀጥታ ለባቡር ማዋል እንደሚቻል በተግባር አሳየች። ከዚያም የኃይል ኤሌክትሮኒክስ ሲራቀቅ፣ የሽቦውን ፍሰት ትራንስፎርመር ዝቅ አድርጎት፣ ኢንቨርተር እንደ ፍላጎት ቀይሮት፣ ብልጭታ የሌለበት ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር እንዲሠራበት ሆነ። ባቡሩ ቁልቁል ሲወርድ ይኸው ሞተር ጄኔሬተር ሆኖ ጉልበቱን ወደ ሽቦው መመለስ ይችላል። አገራችን የተቀበለችው የዚህን ረጅም ጉዞ ውጤት ነው።

ከአዞዎቹ ታሪክ ግን ከቴክኒኩ ይልቅ ዕድሜያቸው ያስደንቀናል። በ1940ዎቹ ከመካከላቸው 13ቱ የበለጠ ጉልበት ያላቸው ሞተሮች ተገጥመውላቸው ታደሱ፤ አንዳንዶቹም እስከ 1980ዎቹ አገልግለዋል። አንድ ማሽን ስድሳ ዓመት የሚኖረው ፋብሪካው ጠንካራ አድርጎ ስለሠራው ብቻ አይደለም። ሥዕላዊ ንድፉን የሚያነብ፣ የተበላውን ክፍል የሚተካ፣ ያረጀውን የሚያሻሽል ባለሙያ በየዘመኑ ስለነበረው ነው። የሎኮሞቲቭ ልደት በፋብሪካ ቢሆንም ዕድሜው የሚወሰነው በጥገና ማዕከል ነው እንላለን።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞችን በዓል የሚያከብር የአዊ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በዕለቱ አደባባይ የሚያምረው ፈረስ ዓመቱን ሙሉ መኖው፣ ሰኮናውና ኮርቻው ሲጠበቅ የከረመው ነው። ፈረስ መግዛት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ፈረስ መያዝ ግን ዕውቀት ይጠይቃል።

የዕውቀቱ ጉድለት ምን እንደሚያስከትል በዋና ከተማችን አይተናል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 41 ባቡሮች ነበሩት። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ብዙዎቹ በመለዋወጫ ዕጥረት ቆሙ። የጅቡቲው መስመር ከዚህ ዕጣ እንዲድን ከፈለግን ጊዜው አሁን ነው። መስመሩን ለስድስት ዓመት በውል ያንቀሳቀሱት የቻይና ኩባንያዎች በ2016 ዓ.ም. ሥራውን ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ አስረክበዋል። ሎኮሞቲቮቹ በተገቢው ከተያዙ ሠላሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። ኃላፊነቱ እንግዲህ የእኛው ሆኗል ማለት ነው።

«መብራት በሚቆራረጥበት አገር የኤሌክትሪክ ባቡር መምረጡ ራሱ ስሕተት ነበር፤ ዲዝል ይሻል ነበር» የሚሉ ወገኖች አሉ። ክርክራቸው ተራ አይደለም፤ ፍሰት ሲቋረጥ ባቡሩ እንደሚቆም እርግጥ ነው። ነገር ግን ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ እሱም ራሱ ዳገቱን መውጣት ያለበት ሸቀጥ ነው። በአንጻሩ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ችግሩ የማመንጨት ሳይሆን የማድረስ ከሆነ፣ መፍትሔው ማከፋፈያ ጣቢያዎችንና መስመሮችን ማጠናከር፣ ለክፉ ቀን የሚሆኑ ጥቂት ዲዝሎችን መያዝ እንጂ ወደ ናፍጣ መመለስ አይመስለንም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ከእንግዲህ ሎኮሞቲቭም ሆነ ሌላ ከባድ ማሽን ሲገዛ ንድፉ፣ የጥገና ሰነዱና የመቆጣጠሪያው ሶፍትዌር አብረው እንዲገቡ በውሉ ላይ ይስፈር። ሁለተኛ፣ ከሽቦው ጋር የሚነካካውን የካርቦን ንጣፍ፣ ኩሽኔታውንና የፍሬን ሸራውን የመሳሰሉት ቶሎ የሚያልቁ ክፍሎች በአገር ውስጥ መሠራት ይጀምሩ። በድሬዳዋ የቀድሞው ባቡር ጥገና ማዕከል ሠራተኞች አሮጌውን ባቡር ለአሥርተ ዓመታት በሥራ ላይ ያቆዩት በእጃቸው ሙያ ነበርና ባሕሉ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ሦስተኛ፣ የፊዚክስና የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ትምህርት ክፍሎቻችን የኃይል ኤሌክትሮኒክስን በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ማስተማር ይብቃቸው። ተማሪው የተቃጠለ ኢንቨርተር ፈትቶ ለምን እንደተቃጠለ የሚመረምርበት ላቦራቶሪ ይኑረው። ይህ ውድ አይደለም፤ የተበላሸ ዕቃ በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል።

ግምጃ ቤት ማለት ውድ ንብረት የሚቀመጥበት ቤት ማለት ነው። የባቡር መሥመር ግን በግምጃ ቤቱ ካለው መለዋወጫ ይልቅ በሠራተኞቹ አእምሮ ባለው ዕውቀት ይኖራል። ዛሬ በግምጃ ቤት፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ስለ እምቅ ጉልበትና ስለ ትራንስፎርመር የሚማር ወጣት፣ የትምህርቱ ፍሬ ያለው በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ እንዳይመስለው አደራ እንላለን። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ የቀረው ፈረሱን የሚያውቅ ሰው ነው።