ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ሕይወት

በእስራኤል የወደብ ከተማ በአሽዶድ የሚኖሩ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በግና ውሻ ከደጁ በማይጠፋበት ገጠር ያደጉ ናቸው። በ1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ሲመጡ፣ ከአንዳንዱ ጋር በጉበት የተደበቀ ጥገኛ ትል አብሮ ሊመጣ ይችል ነበር።

ይህ ጥገኛ የውሻ ኮሶ ትል ነው፤ እንቁላሉ ባልታጠበ እጅ፣ በውሃ ወይም በአትክልት ወደ ሰው ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ በጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል፤ ለዓመታትም ያለ ሕመም ያድጋል። ሕክምናው እንደ ከረጢቱ ደረጃ ይለያያል፦ አልቤንዳዞል፣ በመርፌ መቅዳት ወይም ቀዶ ሕክምና። ትሉ የሞተበትን ከረጢት ግን መከታተል ይበቃል። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ በሽታው ሊያገረሽ፣ ብርቱ አለርጂም ሊያስነሳ ይችላል።

ስለዚህ ቁስሉ ስለደረቀ ብቻ ታካሚው ድኗል አይባልም። ሐሞት የሚያፈስ ቱቦ ይዞ ቤቱ የተመለሰ፣ በጉልበቱ የሚያድር አባት መቼ ሥራ እንደሚጀምር፣ ምን ዓይነት ሸክም እንደሚከለከል በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። በ2017 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአሱታ አሽዶድ ሆስፒታል ሕክምናን ለከተማዋ አቅርቧል። አስተርጓሚና ያልተቋረጠ ክትትል ሲታከልበት ነው ሕክምናው ሙሉ የሚሆነው።

ወገኖቻችን፣ የት እንዳደጋችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ደህና ነኝ ብላችሁም የአልትራሳውንድ ቀጠሯችሁን አትዝለሉ።