ከ3,000 ዙር በታች

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወጣው ኢንተርስቴት 70 አውራ ጎዳና ለሞተር አይራራም። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ መንገዱ የሮኪ ተራሮችን እየታከከ አይዘንሃወር ዋሻ ሲደርስ ከፍታው 3,400 ሜትር ገደማ ይሆናል። እንጦጦ እንኳ ከዚያ ዝቅ ይላል። በዚህ አቀበት ላይ በአንድ ወዳጄ የ1972 ሞዴል ዳትሰን 240ዜድ ውስጥ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። ስድስት ሲሊንደር፣ ሁለት መቀመጫ፣ ረጅም አፍንጫ፤ ነዳጅ ማደያ በቆመች ቁጥር አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብሎ «እኔም በወጣትነቴ ነበረችኝ» የሚልላት ዓይነት መኪና ናት። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር፣ በአራተኛ ማርሽ፣ በደቂቃ 2,300 ዙር ላይ፣ ወዳጄ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠው። ሞተሩ አጉረመረመ፤ ሁለቴ ሳለ፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ዕቃ እስከ ጣሪያው የጫነ የቤተሰብ መኪና በግራችን አለፈን።

«ይኸውልህ» አለኝ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «ይህን ሁሉ ገንዘብ ከስክሼ!»

የከሰከሰው ገንዘብ ቀላል አልነበረም። የፋብሪካውን ሁለት ካርቡራተሮች አውርዶ ሦስት ባለ ሁለት ጉሮሮ ካርቡራተሮች አስገጥሟል፤ የጭስ ማውጫውን በወፍራም ቱቦ ለውጧል፤ ካምሻፍቱንም ለውድድር በተሠራ ተክቷል። ሻጮቹ ፈረስ ጉልበት ይጨምራል ሲሉት አልዋሹም። ከ5,000 ዙር በላይ መኪናዋ ትጮኻለች፣ ትበራለች። ግን ሰው ከ5,000 ዙር በላይ የሚነዳው በቀን ስንት ደቂቃ ነው?

እኔ የምለው ይህን ነው፦ በእንዲህ ዓይነት ሞተር ላይ የታች ጉልበት ጠፋ ብሎ የሚያማርር ሰው ሮጦ የሚገዛቸው ዕቃዎች አብዛኞቹ ያንኑ የታች ጉልበት እየቀነሱ ለላይኛው የሚሰጡ ናቸው። የታቹ ጉልበት ያለው ማንም ፎቶ በማያነሳቸው ቦታዎች ነው፤ በካም ሰንሰለት፣ በካርቡራተር ውስጥ ባለች ጠብታ ዘይት፣ ከኋላ በተደበቀው ዲፈረንሻል። እነዚህ ካልበቁ የሚቀረው አየር ነው፤ ሞተሩ በአንድ ዙር የሚስበውን አየር መጨመር። ያ ደግሞ ርካሽ መንገድ የለውም።

240ዜድ እ.ኤ.አ. በ1969 መጨረሻ ብቅ አለች፤ ጃፓን ውስጥ ስሟ ፌይርሌዲ ዜድ ነበር (ከዚህ በኋላም ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ ውስጥ በ3,526 ዶላር ትሸጥ ነበር። ኤል24 የሚባለው ሞተሯ የሲሊንደሩ ስፋት 83 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 73.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን በጠቅላላው 2,393 ሲሲ ነው። በወረቀት ላይ 151 ፈረስ ጉልበት በ5,600 ዙር፣ 198 ኒውተን ሜትር ቶርክ ደግሞ በ4,400 ዙር ተጽፎለታል። ቁጥሩ የተለካው በድሮው የአሜሪካ ዘዴ፣ ሞተሩ ብቻውን መቆሚያ ላይ ተሰቅሎ፣ በመኪናው ላይ የሚሸከመው ኮተት ሳይጫንበት ነውና ሳይቀንሱ ማመን አይገባም።

ከሁለቱ ቁጥሮች ሰው የሚያስታውሰው 151ን ነው። ለአቀበቱ የሚያስፈልገው ግን ሁለተኛው፣ ይልቁንም ሁለተኛው ከመድረሱ በፊት ያለው ነው። ቶርክ ክራንክ ሻፍቱን የሚጠመዝዘው ኃይል ነው፤ ፈረስ ጉልበት ያ ኃይል በዙር ተባዝቶ የሚገኝ ውጤት ነው። በ2,500 ዙር 180 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ሞተር በዚያች ቅጽበት የሚያወጣው 63 ፈረስ ጉልበት ገደማ ብቻ ነው። 151 ፈረሶች ጋጣ ውስጥ ታስረው ከግማሽ በታቹ ይጎትታሉ ማለት ነው። በዚያ ላይ ከፍታው አለ። ዴንቨር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ዋሻው ጋ ወደ 30 በመቶ ይጠጋል። አዲስ አበባ በመካከላቸው ናት፤ 20 በመቶ ገደማ። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚኖረው በሚስበው አየር ልክ ነውና ይህ ግብር ሳይከፈል አይታለፍም። ወዳጄ የቀረችውን ጉልበት ለምን እንዳባከናት ነው የማልረዳለት።

እንዴት እንዳባከናት ግን ልንገራችሁ። በዝቅተኛ ዙር ፒስተኑ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ አየሩም ቀስ ብሎ ይገባል። ቀስ ያለ አየር ቤንዚኑን አይበትነውም፤ ቤንዚኑ ጉም መሆኑ ቀርቶ ጠብታ ሆኖ የቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የአትክልት ጎማ አፍ ላይ አውራ ጣቱን የጫነ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቀዳዳው ሲጠብ ውሃው ይፈጥናል። ትልልቅ ጉሮሮ ያላቸው ሦስት ካርቡራተሮች ጣቱን ከጎማው ላይ እንደ ማንሳት ናቸው። በ6,000 ዙር በረከት ናቸው፤ በ2,000 ዙር ሳል።

የሚገርመው፣ ከመኪናዋ ያወረዳቸው ሁለቱ ሂታቺ ካርቡራተሮች ለዚህ ችግር መልስ ይዘው የተሠሩ መሆናቸው ነው። አሠራራቸው ኤስዩ ከሚባለው የእንግሊዝ ካርቡራተር የመጣ ነው። ውስጣቸው ያለ ፒስተን አየሩ ሲያንስ ይወርዳል፣ ሲበዛ ይነሳል፤ ጉሮሮው ራሱን እንደ ፍላጎቱ ያጠባል፣ ያሰፋል። ፍጥነቱ ስለማይወድቅ ቤንዚኑ ከታችም ከላይም ይበተናል። በጋራዥ ቋንቋ «ያረጀ ነገር» ይባላሉ፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ብልሃት ለመንገድ መኪና በርካሽ የሠራ ብዙ ሰው አላውቅም። (በ1973ቱ ሞዴል ላይ የመጡት ጠፍጣፋ ክዳን ያላቸው ግን ሌላ ናቸው፤ እነሱን ያወረደ ሰው አይወቀስም።)

ካምሻፍቱ ይብሳል። ለውድድር የተሠራ ካም የማስገቢያውን ቫልቭ ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ ያቆየዋል፤ ፒስተኑ ታች ደርሶ መውጣት ከጀመረ በኋላም አይዘጋም። በከፍተኛ ዙር አየሩ በራሱ ግፊት መግባቱን ስለሚቀጥል ሲሊንደሩ ይሞላል። በ2,000 ዙር ግን ያ ግፊት የለም፤ የሚወጣው ፒስተን የገባውን ድብልቅ መልሶ ወደ ማኒፎልዱ ይገፋዋል። የተከፈለበት አየር በመጣበት በር ይወጣል። የካም ካታሎግ ስለ ላይኛው ዙር ገጽ ሙሉ ይጽፋል፤ ስለዚህ መመለስ ግን ትንፍሽ አይልም።

ስለ ጭስ ማውጫ ደግሞ ጋራዥ ሁሉ የሚደግመው አባባል አለ፤ «ሞተር ከኋላ ትንሽ መታፈን ይፈልጋል» ይላሉ። ስህተት ነው። ሞተር መታፈን አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጭሱ በፍጥነት እንዲሄድና ከኋላው ያለውን እንዲስብ ነው። ቱቦው ያለ ልክ ሲሰፋ ፍጥነቱ ይሞታል፣ መሳቡም ይቀራል፤ ሰው ይህን አይቶ መታፈኑ ጎደለ ይላል። በስድስት ሲሊንደር ላይ ፊተኞቹን ሦስት ለብቻ፣ ኋለኞቹን ሦስት ለብቻ አገናኝቶ በመጨረሻ ወደ አንድ ማምጣቱ ነው የሚያዋጣው። የእሳቱ ቅደም ተከተል 1፣5፣3፣6፣2፣4 ስለሆነ በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ጭሱ በእኩል ልዩነት ይመጣል፤ አንዱ የሌላውን መንገድ አይዘጋም። የፋብሪካው የብረት ማኒፎልድም ከፊትና ከኋላ ሦስት ሦስቱን የሚሰበስብ ነበር። ያስቀየመው መልኩ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ምንም ሳይገዛ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ያለውን ማግኘት። በሃምሳ ዓመት ውስጥ የካም ሰንሰለት ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ካሙ ወደ ኋላ ይዘገያል፤ የዘገየ ካም ደግሞ ልክ እንደ ውድድሩ ካም ቫልቭ አዘግይቶ ይዘጋል። መሐንዲሶቹ ይህን ስለሚያውቁ በካሙ ባለ ጥርስ መዘውር ላይ ሦስት ቀዳዳ አስቀምጠዋል፤ 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። ከ1 ወደ 2 ማሻገር ካሙን በክራንክ ሻፍት ልክ 4 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት ይመልሰዋል። ዋጋው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ብዙ ባለቤቶች ቀዳዳዎቹ መኖራቸውን እንኳ ሳያውቁ መኪናውን ሸጠዋል።

ከዚያ በሂታቺ ካርቡራተሮቹ አናት ያለችው ዘይት። ነዳጅ በድንገት ሲረገጥ ፒስተኑ ቶሎ እንዳይዘል የምትይዘው እሷ ናት፤ ከደረቀች ድብልቁ ለቅጽበት ይሳሳል፣ መኪናው ይደናቀፋል፣ ባለቤቱም ጉልበት የለውም ይላል። ከዚያ ዲስትሪቢዩተሩ፤ ውስጡ ያሉት ክብደቶች ከዛጉ ወይም የቫኩም ሽፋኑ ከተቀደደ እሳቱ በዝቅተኛ ዙር ዘግይቶ ይመጣል። ካንዴላውን መለወጥና ቫልቮቹን ማስተካከል ማንም ያስታውሳቸዋል፤ እዚህ ላይ አልቆይም።

አሁን ወደ ኋላው እንሂድ። ለአሜሪካ የመጡት ባለ አራት ማርሽ 240ዜዶች የዲፈረንሻላቸው ምጥጥን 3.364 ነበር፤ ባለ አምስት ማርሽ ሆነው ለሌሎች ገበያዎች የሄዱት 3.9 ነበራቸው። ለአሜሪካ ረጅም፣ ጸጥ ያለ ጉዞ ተመረጠ፤ የታቹን ጉልበት በከፊል የወሰደው ያ ምርጫ ነው። 3.9ን ለ3.364 ቢያካፍሉ 1.16 ይመጣል። ሞተሩን ሳይነኩ፣ አንድ ቫልቭ ሳይከፍቱ፣ ጎማ ላይ የሚደርሰው ኃይል በየማርሹ በ16 በመቶ ይጨምራል። ዴንቨር ላይ ከፍታው የወሰደው 15 በመቶ ነበር! ከሱባሩ መኪናዎች የሚወጣ፣ ከዳትሰኑ ጋር ቅርብ ዝምድና ያለው ባለ 3.9 ዲፈረንሻል የድሮ ክፍሎች በሚሸጡበት ቦታ ይገኛል።

ዋጋ የለውም አልልም። በአራተኛ ማርሽ ሞተሩ የበለጠ ይሽከረከራል፤ ረጅም ጉዞ ላይ ጆሮ ይደክማል። የ1977ቱ 280ዜድ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ይህን ይፈታል፤ አምስተኛው 0.864 ነው። ይህን በ3.9 ቢያባዙት 3.37 ይሆናል፤ ማለትም አምስተኛው የድሮውን አራተኛ ያክላል። የአንደኛ ማርሹ ምጥጥን ግን ከድሮው ትንሽ ስለሚያንስ በመነሻ ላይ ከተገኘው ከፊሉ ይመለሳል።

«የስፖርት መኪና እንዲጮኽ ነው የተሠራው፤ የታች ጉልበት የፈለገ ላንድ ክሩዘር ይግዛ» የሚሉኝ አሉ። ከላንድ ክሩዘሩ የሚማሩት ነገር አለ እኮ። አገር ቤት በየገጠሩ የምናውቀው ባለ ስድስት ሲሊንደር 1ኤችዜድ ናፍጣ ሞተር ምቱ 100 ሚሊ ሜትር፣ መጠኑ 4.2 ሊትር ነው። ጭቃ ውስጥ በስንፍና ዙር የሚወጣው በአስማት ሳይሆን በሊትር ብዛት ነው። የዳትሰን ሰዎችም ይህንኑ ደርሰውበታል። ዳትሰንን ይሠራ የነበረው ኒሳን ራሱ ምቱን ወደ 79 አድርሶ 260ዜድን፣ ስፋቱንም ወደ 86 አድርሶ 2,753 ሲሲ የሆነውን 280ዜድን ሠራ። ጋራዦች ደግሞ ገፉበት፤ ኤልዲ28 ከሚባለው የኒሳን ናፍጣ ሞተር 83 ሚሊ ሜትር ምት ያለውን ክራንክ ሻፍት አውጥተው ለቤንዚኑ ሞተር አዋሉት፤ ስፋቱ 89 ሲደረግ 3.1 ሊትር ይሆናል። ለስፖርት መኪና የታች ጉልበት የሰጣት የናፍጣ አጥንት መሆኑ ያስቀኛል።

ጭቃ ካልን፣ ይህች መኪና ከኢትዮጵያ ደቡባዊ ድንበር ማዶ ይካሄድ በነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በ1971 ከኤድጋር ሄርማን ጋር፣ በ1973 ደግሞ ከኡጋንዳ ተወላጁ ሼካር መህታ ጋር አሸንፋለች። ፋብሪካው ያዘጋጃቸው መኪናዎች ስለነበሩ ከወዳጄ ጋር አይነጻጸሩም፤ ሞተሩ በተፈጥሮው ሰነፍ ነው ለሚል ሰው ግን መልስ ይሆናሉ።

ሐቁን ለመናገር፣ ለከፍታ ትክክለኛው መድኃኒት ቱርቦ ነው። በ1981 የመጣችው 280ዜድኤክስ ቱርቦ ከፍተኛ ቶርኳን፣ 275 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ በ2,800 ዙር ታደርስ ነበር፤ 240ዋ 4,400 እስኪሞላ ስትጠብቅ። ቱርቦው የሳሳውን አየር ጨምቆ ይሰጣል። ግን እመቃው ወደ 7.4 ለ 1 ዝቅ ስላለ ቱርቦው እስኪነቃ ድረስ ሞተሩ ድንዙዝ ነው፤ በአሮጌ የካርቡራተር መኪና ላይ ለመትከልም የነዳጅ አሰጣጡን ከሥር መለወጥ ይጠይቃል። ገንዘቡም ትዕግሥቱም ላለው መልካም ነው። ወዳጄ ሁለቱም አልቀሩለትም።

በቅዝቃዜው ወራት የፋብሪካውን ካም መለሰ። ሂታቺዎቹን ከመደርደሪያ አውርዶ አጠባቸው፤ ሰንሰለቱን ለወጠ፤ ባለ 3.9ኙን ዲፈረንሻል አስገባ። ሦስቱን ካርቡራተሮች ሸጦ ባገኘው ገንዘብ ሁሉም ተሸፈነ፤ ጥቂትም ተረፈው። ሰኔ ላይ ወደዚያው አቀበት ወሰደኝ። በዚያው 80 ኪሎ ሜትር፣ በዚያው አራተኛ ማርሽ፣ ቆጣሪው አሁን ወደ 2,700 ያሳያል። ረገጠው። ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ ብል ማጋነን ነው፤ ግን ሄደች፤ ሳትስል፣ ሳታንገራግር፣ እስከ ዋሻው አፍ።

«እሺ?» አልኩት።

«ትጮኻለች» አለኝ። ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ እያፈላለገ ነው።