አፈሩም ይቆጠር

ራቤል ያለው ታናሽ ወንድሜ የደጁን ሣር አርሶ ባሕር ዛፍ ሊተክል ነው። «ለልጅ ልጆቼ አየሩን ያጸዳል» አለኝ በስልክ።

እውነት ነው፣ ዛፍ ሲያድግ ካርቦን ይይዛል። የደንን ዕድገት በሒሳብ የሚተነብዩ ባለሙያዎች ግን ግንዱን ብቻ አያሰሉም፤ አፈሩንም ይጨምራሉ። በደጋ ብርድ የሣር ሥር ቶሎ ስለማይበሰብስ አፈሩ ብዙ ካርቦን ያከማቻል። ሲታረስ ወይም ሙቀት ሲጨምር ብስባሹ ቶሎ ያልቅና ካርቦኑ ወደ አየር ይወጣል። ዛፉ ያንን እስኪተካ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

ጎረቤታችን የመንዝ ሰው፣ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ፣ ጓሳን በአባቶች ደንብ ለዓመታት ዘግቶ ይጠብቅ ነበር። ካርቦን የሚባል ሰምቶ አይደለም፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለክፉ ቀን ግጦሽ ብሎ ነው። አፈሩም አብሮ ተረፈ።

«ሣሩን ተወው፤ ዛፉን ቦረቦሩ ዳር ትከል» አልኩት።

«ችግኙን ገዝቻለሁ እኮ!»

ሐምሌ ሳይገባ ሄጄ ቦረቦሩን አብረን እናያለን።