ስንዴና ስብከት

የምድረ ከብድ ገዳም ባለበት በሶዶ፣ እኛ ቡኢ ላይ አንድ ሰው ሃይማኖቱን ከለወጠ ፍርዱ ዝግጁ ነው፦ «በስንዴ ተገዛ!» ታዲያ ሚሲዮኖች ይስበኩ እንጂ እርዳታና ልማት ውስጥ አይግቡ እንበል? እኛ አንልም።

በ1972 (እ.ኤ.አ.) ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊዋ የነበሩት መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጽፋ ነበር። የምዕራብ ለጋሾች ለልማት እየሰጡ ለስብከት ሲሰስቱ፣ «ሰውን ሥጋና ነፍስ ብላችሁ አትክፈሉት» የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ነው። በዚያው ዓመት ኦርቶዶክስም የልማት ኮሚሽኗን አቋቋመች።

ወልቂጤ አጠገብ ያለውን አጣጥ ሆስፒታልንም እዩ። በ1969 (እ.ኤ.አ.) የካቶሊክ ሲስተሮች የከፈቱት ነው፤ ከሩቅ የመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪመጣ የሚቆዩበት ማረፊያም አለው። ምጥ ሃይማኖት ይመርጣል እንዴ?

ግን አንድ ነገር እንጠይቃለን። እርዳታው ማጥመጃ አይሁን። ሰባኪው መስበኩን አይደብቅ፤ የእህል ሰልፍ ላይ ግን የእምነት መዝገብ አይክፈት። የተራበ ሰው «እምቢ» የማለት አቅም የለውምና እሺታውም አይታመንም።

መለኪያው ቀላል ነው፦ «አልለወጥም» ያለው ሰው ነገም ካርድ ያወጣል? የሚያወጣ ከሆነ ምጽዋት ነው። ካልሆነ ንግድ ነው።