ደንበኛ ስንት ዓይነት ነው?

ደንበኞችን በየዓይነታቸው ለይቶ ማወቅ ለነጋዴም፣ ለባንክም፣ ለመድን ድርጅትም የሥራ መጀመሪያ ነው። ዛሬ የሚመሳሰሉትን እየሰበሰበ በየምድባቸው የሚያስቀምጠው ኮምፒዩተር ነው። ነገር ግን ምድቡ ስንት ይሁን? በተለመደው የስሌት ዘዴ ቁጥሩን አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ነው። ሦስት ቢሉት ሦስት፣ ሠላሳ ቢሉት ሠላሳ አድርጎ ይከፍላል እንጂ እምቢ አይልም።

ሊቃውንት ለዚህ መላ ፈልገዋል። አሜሪካዊው ሮበርት ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1953 እንዳመለከተው፣ ምድቡ በበዛ መጠን በየምድቡ ውስጥ ያለው ልዩነት ያንሳል። ይህ በሥዕል ሲነደፍ መሥመሩ እንደ ክርን የሚታጠፍበት ቦታ ይገኛል፤ ከዚያ ወዲያ ምድብ መጨመር ጥቅሙ ጥቂት ነው። ሆኖም ክርኑ ብዙ ጊዜ ጎልቶ አይታይም፤ ቢታይም ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም።

ለምሳሌ በነጌሌ ቦረና ወይም በያቤሎ ያለ አንድ ወጣት የባንክ ሠራተኛ የሦስት ወር መዝገብ ብቻ ይዞ ደንበኞቹን ከፈለ እንበል። ደመወዝተኛው በየወሩ፣ ባለሱቁ በየገበያው ቀን ገንዘብ ያስገባል። የአርብቶ አደሩ ሀብት ግን በእግሩ የሚሄድ ነውና ብር የሚይዘው ከብት ሲሸጥ ብቻ ነው። ስለዚህ መቶ ከብት ያለውና አንድም የሌለው «ደካማ ደንበኛ» ተብለው በአንድ ምድብ ይገባሉ፤ ብድር የሚገባውም ሳያገኝ ይቀራል። ጥፋቱ የስሌቱ ሳይሆን የመዝገቡ ማጠር ነው።

ቦረና ዝናሙን በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠብቃል፤ ዋናውን በጸደይ፣ አነስተኛውን ከመስከረም በኋላ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት ወቅት በተከታታይ ዝናም ሲጎድል፣ ባለብዙ ከብት የነበሩ ብዙዎች እርዳታ ጠባቂ ሆኑ። እንግዲህ ትናንት የተሰጠ ምድብ ለዛሬ ላይሆን ይችላል።

በ2004 ዓ.ም. በቦረና የተጀመረው የእንስሳት መድን የተሻለ ትምህርት ይሰጣል። የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት እያየ ካሣውን የሚወስነው በየአካባቢው ነው፤ ድርቅ የሚመታው አካባቢን ነውና። አከፋፈሉን የወሰነው የሥራው ዓላማ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ቁጥሩን ከመቀበላቸው በፊት ሦስት ነገር ሊጠይቁ ይገባል። ምድቡ በሌላ ወቅት መዝገብ ሲሞከር ይጸናልን? ለእያንዳንዱ ምድብ የተለየ አገልግሎት ልንሰጥ እንችላለንን? የአገሩ ሰው ሲያየው ያውቀዋልን? መልሱ አይደለም ከሆነ፣ አራት ምድብ ከሰባት ይሻላል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ከመክፈል በፊት ሰውን ማወቅ ይቅደም።