በጉ እስኪሸጥ ትምህርት አይጠብቅም!

እስቲ ዛሬ ስለ ጨርቅ እናውራ ወገን። አዎ፣ ስለ ጨርቅ! ስለ ተማሪ ዩኒፎርም።

አውቃለሁ፣ «በዚህ ሁሉ መከራ መሃል ስለ ዩኒፎርም ታወራለህ እንዴ?» የምትል አለህ። ታገሰኝ። እስከ መጨረሻው አንብብና ያኔ ስደበኝ።

እኔ መንዝ ነው ያደግሁት። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ጥቅምት ላይ ነው። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ በእግር ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ውርጩ ሣሩ ላይ ጨው መስሎ በተነጠፈበት ጠዋት ስንደርስ አንድ መምህር አርጩሜ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ዩኒፎርም የለበሰ ወደ ቀኝ፣ ያልለበሰ ወደ ግራ። ወደ ግራ ከቆሙት አንዱ ጓደኛዬ ነበር።

«ጋሼ፣ እናቴ በጉ ሲሸጥ እገዛልሃለሁ ብላኛለች» አለ።

«እንግዲያው በጉ ሲሸጥ ና!»

ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሳቀ። በጉ ተሸጠ፤ ግን ብሩ ለማዳበሪያ ዕዳ ሄደ። ልጁ በዚያው ቀረ። ከክፍላችን በሂሳብ የሚደርስበት አልነበረም፤ ዛሬ አዲስ አበባ ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ አሸዋ ይሸከማል። እሱ ያስጠናኝ የነበርኩት እኔ ደግሞ ይህንን እጽፋለሁ።

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው። ዩኒፎርም ይጥፋ አላልኩም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ልጅ በልብሱ ምክንያት ከትምህርት ቤት በር መመለስ የለበትም። ዩኒፎርም ግዴታ ይሁን የሚል አካል መጀመሪያ ልብሱን ይስጥ። መስጠት ካልቻለ ማስገደዱን ይተው።

የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐቤቴን ኑሮ የሚያውቅ ሰው የዩኒፎርም ወጪ መቼ እንደሚመጣ ያውቃል። መስከረም ላይ ነው። የመኸሩ ገብስ ገና አረንጓዴ ነው፤ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። በልጉ የከዳ ዓመት ከሆነማ ጎተራው ባዶ ነው። ዘመን መለወጫና መስቀል አሉ፣ ደብተር አለ፣ እስክሪብቶ አለ፣ የማዳበሪያ ዕዳ አለ። በዚያ ላይ የሦስት ልጆች ዩኒፎርም ተጨመረ በለው! ገበሬው ያለው በግ ነው። በጉ ደግሞ የእሱ ባንክ ነው። መስከረም ላይ ከባንኩ አውጥቶ ቴትሮን ከገዛ፣ ሐምሌ ላይ ለቤቱ እህል የሚገዛበት የለውም።

ለሁሉም መግዛት ካልቻለ ማን ይቀራል? ይሄን መንገር አያስፈልግም። ሴቷ ናት የምትቀረው። «አንቺ ለዘንድሮ እናትሽን አግዢ» ትባላለች። የዘንድሮው ለከርሞ ይሻገራል፤ ከዚያ ሽማግሌ ይላካል፣ ነገሩም ያበቃል።

መንግሥት በ1986 ባወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል በነጻ ነው ብሎናል። ጥሩ! ነጻ ከሆነ ታዲያ በሩ ላይ የሚጠየቀው ምንድን ነው? የትምህርት ክፍያ ሲነሳ ዩኒፎርሙ በሌላ ስም የተተከለ ክፍያ ሆኖ ቀርቷል። ደረሰኝ ስለሌለው ክፍያ አይመስልም እንጂ ደሃውን የሚያስቀረው እሱ ነው።

«ዩኒፎርም እኮ ሀብታምና ደሃን እኩል ያደርጋል» የሚሉ አሉ። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፣ አከብረዋለሁ። በከተማ፣ ሀብታሙ በየቀኑ አዲስ ልብስ በሚቀያይርበት ትምህርት ቤት፣ እውነትነት አለው። ግን እስቲ በእኛ አገር እንየው። አንዱ በየዓመቱ አዲስ ዩኒፎርም ይሰፋለታል። ሌላው የታላቅ ወንድሙን፣ ጉልበቱ ላይ የተጣፈውን፣ ቀለሙ ሄዶ ሌላ ዩኒፎርም የመሰለውን ይለብሳል። ሦስተኛው ጭራሹን የለውም፤ በሩ ላይ ለብቻው ተለይቶ ይቆማል። ይሄ ነው እኩልነት? ዩኒፎርም ደሃን የሚሸፍነው ለሁሉም ሲሰጥ ነው። ሲሸጥ ግን ደሃውን ያጋልጠዋል።

እኩል የሚያደርግ የተማሪ ልብስ ማየት ከፈለግህ ሩቅ አትሂድ፣ የቆሎ ተማሪውን ተመልከት። ደበሎና አኮፋዳ! የባለጸጋ ልጅም ቢሆን ለቅኔና ለዜማ ከቤቱ ሲወጣ ደበሎውን ደርቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ ነው የሚማረው። ደበሎው የበግ ቆዳ ነው፤ ከየትም አገር አይመጣም። የኔታ ተማሪውን የሚጠይቁት ቀለሙን እንጂ የደበሎውን ቀለም አይደለም። ይህን ያህል ዘመን እኩልነትን በነጻ ሲያስተምር የኖረ ሕዝብ፣ ዛሬ ልጁን በሱሪ ቀለም ከበር ሲመልስ አያሳፍርም?

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንሂድ፤ ምክንያቱም የዩኒፎርም ጥያቄ በዚህ አገር መልስ ያገኘው እዚያ ነው። በ2012 የትምህርት ዘመን፣ ኢንጂነር ታከለ ኡማ ምክትል ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ፣ የከተማ አስተዳደሩ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ 600 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነጻ ሰጠ። የምገባ ፕሮግራምም ተጀመረ። ፖለቲካውን ለጊዜው ተወው፤ ሥራው ጥሩ ሥራ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ስላገኘ አንቀናም፣ ደግ አደረጉ እንላለን።

ጥያቄያችን ግን ይሄ ነው፦ ለአዲስ አበባ ልጅ የተቻለው ለራቤል ልጅ፣ ለመሃል ሜዳ ልጅ፣ ለዓለም ከተማ ልጅ ለምን አይቻልም? «ከተማዋ ገቢ አላት፣ ወረዳው የለውም» ይሉሃል። እሺ፣ ይሁን። ወረዳው ለመስጠት ደሃ ከሆነ፣ ከወረዳው የባሰ ደሃ የሆነውን ገበሬ ለምን ያስገድዳል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው! ድህነቱን መምታት ሲያቅት ልጁን መምታት።

የሌላውንም አገር እንይ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ክፍያን አነሳች፤ ዩኒፎርሙ ግን የወላጅ ሸክም ሆኖ ቀረ። ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኤስተር ዱፍሎና ማይክል ክሬመር ከፓስካሊን ዱፓ ጋር በምዕራብ ኬንያ በ328 ትምህርት ቤቶች ጥናት አደረጉ። በከፊሎቹ ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒፎርም በነጻ ተሰጠ። ውጤቱስ? ዩኒፎርም ካገኙት ልጃገረዶች መካከል ትምህርት የሚያቋርጡት ቀነሱ፤ ያለዕድሜያቸው የሚያገቡትና የሚያረግዙትም ቀነሱ። በአንድ ልብስ! እኛ ደግሞ ያለዕድሜ ጋብቻን ለመከላከል በየአዳራሹ ስብሰባ እንጠራለን፣ ልጅቷን ግን በር ላይ እንመልሳለን።

ሀብታሟ እንግሊዝ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2021 ሕግ አውጥታ ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርም ሲመርጡ የዋጋውን ነገር እንዲያስቀድሙ አድርጋለች። ጀርመን ደግሞ ያለ ዩኒፎርም ነው ኢንጂነሮቿን የምታፈራው። ስለዚህ «ያለ ዩኒፎርም ዲሲፕሊን የለም» የሚለውን ተረት ለሌላ ሰው ንገሩት።

ሌላም አለ፣ ብርዱ! የጓሳ ምድር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት እዚያ በስስ ቴትሮን የሚሄድ ልጅ ክፍል ሲደርስ እስክሪብቶ መያዝ ያቅተዋል። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት በዩኒፎርሙ ላይ ጋቢ መደረብ ክልክል ነበር። ልብ በል፣ በርኖስና ባና ከራሱ በግ ፀጉር ፈትሎና ሸምኖ በለበሰ አገር፣ በጓሳ ሣር ገሳ ሠርቶ ዝናብን በከለከለ አገር፣ ልጁ «ጋቢህን አውልቅ» ይባላል! ለጀማ ቆላ የሚበቃ ልብስ ለመንዝ ደጋ አይበቃም። ለመርሐቤቴው ልጅ ሸሚዝ ይበቃው ይሆናል፤ የግሼው ልጅ ግን ይንቀጠቀጣል። ደንብ ሲወጣ አየሩም ይጠየቅ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ «በዚህ ሁሉ መከራ መሃል?» ወደሚለው። አዎ፣ በትክክል በዚህ መከራ መሃል! በኅዳር 2014 ጦርነቱ መንዝና ግሼ ድረስ ዘልቆ ትምህርት ቤቶችን ጎድቶ አለፈ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። ሁለት ሦስት ዓመት ከብት ሲጠብቅ የቆየ ልጅ እንደምንም በሩ ላይ ሲደርስ ማድረግ ያለብን እጁን ይዞ ማስገባት ነው። አንዴ ከመለስከው ሁለተኛ አይመጣም።

«ዩኒፎርም እኮ ልጁ ተማሪ መሆኑን ያሳውቃል፣ በዚህ ጊዜ ለደህንነቱ ይጠቅመዋል» የሚል ወላጅ ካለ፣ ሥጋቱ ይገባኛል። እውነትም ሊሆን ይችላል። ግን ይህ ክርክር የእኔን ሐሳብ ነው የሚያጠናክረው። ልብሱ ልጁን የሚጠብቀው ከሆነ፣ ጥበቃ ለገዛ ብቻ መሆን አለበት እንዴ?

ስለዚህ ምን እናድርግ? መጮህ ብቻ አይደለም፣ ሥራም አለ።

አንደኛ፦ በየትምህርት ቤቱ ወተመህ አለ። ወላጆቻችን አባል ናቸው፣ ተማሪም ይወከልበታል። በሚቀጥለው ስብሰባ አንዲት ዓረፍተ ነገር በመተዳደሪያ ደንቡ ትግባ፦ «ማንኛውም ተማሪ በልብስ ምክንያት ከትምህርት ገበታ አይመለስም።» በቃ!

ሁለተኛ፦ ዩኒፎርሙ ይቅለል። ቀለሙ በየዓመቱ አይቀያየር። «ከዚህ ሱቅ ብቻ ግዙ» የሚባል ነገር ይቅር፤ ወላጁ ጨርቁን ከፈለገበት ገዝቶ ከሰፈሩ ልብስ ሰፊ ያሰፋ። በላዩ ላይ ጋቢና በርኖስ መደረብ ይፈቀድ።

ሦስተኛ፦ አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ አዲስ አበባም ሆናችሁ ውጭ አገር፣ የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት አስታውሱ። ከአንድ ቀበሌ የወጣን አሥር ልጆች ብናዋጣ የስንቱን ልጅ እንሸፍናለን? ስንሰጥ ግን ልጁን አቁመን ፎቶ አንነሳ። ደሃን አልብሶ ፎቶውን መለጠፍ መልሶ ማራቆት ነው።

አራተኛ፦ ለክልሉና ለዞኑ ትምህርት ኃላፊዎች፦ ለአዲስ አበባ የተቻለውን በጀት ያዙለት። እስኪያዝ ድረስ በሩን ክፈቱት።

ያ ጓደኛዬ ዛሬ ሁለት ልጆች አሉት። ባለፈው ስንገናኝ ስለ ሂሳብ አላወራንም። የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለልጆቼ መስከረም ሳይጠባ ነው ዩኒፎርም የምገዛው። በር ላይ እንዲቆሙ አልፈልግም።»

ለእሱ አልደረስንለትም። ዘንድሮ በር ላይ ለሚቆመው ግን እንድረስለት።

የተማርክበት ትምህርት ቤት የወተመህ አባል የሚያነበው ከሆነ አድርስለት። ሼር!